ዲ/ን፣ ዲያቆናዊት ወይስ አገልጋይ? የአንድ ባነር ጥያቄና ሃያ ዘጠኝ ምላሾቹ

ክሩን፣ ማለትም በኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ ያለውን ይህን የጥያቄና ምላሽ ሰንሰለት፣ የከፈተው ድሬዳዋ ከዚራ ካለ ማተሚያ ቤት የሚሠራ ሰው ነው። ሦስት ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ባነር ታዟል፤ የድሬዳዋ ሴቶች ለአቅመ ደካሞች እርዳታ የሚያሰባስቡበት መርሐ ግብር ነው። ከተናጋሪዎቹ አንዷ ከወንጌላውያን አጥቢያ፣ አንዷ ከካቶሊክ፣ አንዷ ከኦርቶዶክስ ናቸው። በትእዛዙ ወረቀት ላይ ከመጀመሪያዋ ስም ፊት «ዲ/ን» (ዲያቆን) ተብሎ ተጽፏል። ጠያቂው ነገሩ የእጅ ስሕተት መስሎታል፤ «ዲያቆናዊት» ብሎ እንዳያርመው ደግሞ ቃሉ የዲያቆን ሚስት ማለት ነው ብሎ ያምናል። ሳይታተም በፊት ንገሩኝ፣ ማሳጠሪያ ካለውም ጨምሩልኝ ብሎ ለቀቀው።

ምላሽ 1 ጨዋ ነው። ቃሉ የሚስትነት ስም እንዳልሆነ፣ በራሱ የአገልግሎት ስም እንደሆነ ይናገርና እርግጠኛ ካልሆንክ ሙሉውን ጻፍ ብሎ ያልፋል። ምላሽ 2 በሚስትነቱ ይጸናል፤ የባላባት ሚስት ወይዘሮ እንደተባለች ሁሉ የዲያቆንም ሚስት ዲያቆናዊት ብትባል ምን ይገርማል ባይ ነው። ምላሽ 3 ይህን በሁለት በኩል ይዘጋዋል። በኦርቶዶክስ ሥርዓት ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ በፊት ያገባል፤ ከተቀሰሰ በኋላ ማግባት የለም። ሚስቱ የካህን ሚስት እንደመሆኗ ትከበራለች እንጂ ከባሏ ማዕረግ የተቀዳ መጠሪያ አይሰጣትም። ሁለተኛው የሰዋስው ነገር ነው፤ ወንጌላዊት የወንጌላዊ ሚስት አይደለችም፣ ኢትዮጵያዊትም የኢትዮጵያዊ ሚስት አይደለችም። መድረሻው ባለቤቷን ራሷን ነው የሚያሳየው። ብዙ ሲሆኑ ዲያቆናውያት ይባላሉ። እዚህ ላይ የጨመረው ማስጠንቀቂያ ለማተሚያ ቤት ሰው የሚጠቅም ነው፦ «ዲያቆናት» በ«ኣት» ስላለቀ የሴት ብዙ ቁጥር የሚመስለው ሰው ሞልቷል፤ ግን ካህናት እንደሚባለው ያው የዲያቆን ብዙ ቁጥር ነው፣ ወንዶቹንም የሚይዝ።

ከዚህ በኋላ ክሩ ወደ መጽሐፍ ቅዱስ ገባ፤ በእኔ ዓይን ምርጡ ክፍል ይኸው ነው። ምላሽ 4 ሮሜ 16፥1ን አነሣ። ጳውሎስ አደራ የሚላት ፌቤን በክንክራኦስ ያለችው ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ናት፤ በግሪኩ የተጻፈው ቃል ዲያኮኖስ ነው፣ ለወንዱ የሚነገረው ያው ቃል። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «አገልጋይ» ብሎ ስለተረጎመው አንባቢ ማዕረጉን አያየውም፤ ስለዚህ በወረቀቱ ላይ የሰፈረው «ዲ/ን» እንዲያውም ወደ ግሪኩ የቀረበ ነው አለ።

ምላሽ 5 በጥንቃቄ ተቃወመ። ዲያኮኖስ ሁልጊዜ ማዕረግ አይደለም። በዚያው መልእክት 13፥4 ላይ ሰይፍ የታጠቀው ባለሥልጣን የእግዚአብሔር ዲያኮኖስ ተብሏል፤ በዮሐንስ 2 በቃና ሰርግ ውኃ የቀዱትም ዲያኮኖይ ናቸው። የቃና አስተናጋጆች ክህነት ነበራቸው የሚል የለም። ከቃሉ ብቻ ተነሥቶ ሹመት ማውጣት አይቻልም ማለቱ ነው። ምላሽ 6 ነጥቡን ተቀብሎ አንድ ነገር አከለ፤ ፌቤን እንዲሁ አገልጋይ አልተባለችም፣ የአንዲት የታወቀች ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነው የተባለችው። 1 ጢሞቴዎስ 3፥11ም ስለ ዲያቆናት በሚናገረው ክፍል መካከል ሴቶችን ያነሣል፤ ሚስቶቻቸው ይሁኑ ሴት አገልጋዮች በግሪኩ ቃል ብቻ አይለይም። በጨዋነት መከራከር ማለት እንዲህ ነው፤ እስከዚህ ድረስ ማንም ማንንም አልሰደበም።

ምላሽ 7 ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጪ ያለ ምስክር ጠራ። በትንሿ እስያ ያለችው የቢታንያ ሮማዊ አገረ ገዥ ፕሊኒ በ112 እ.ኤ.አ. አካባቢ ለንጉሠ ነገሥት ትራያኑስ በላከው ደብዳቤ፣ ስለ ክርስቲያኖች እውነቱን ለማውጣት ሁለት ባሪያ ሴቶችን በሥቃይ እንደመረመረ ይጽፋል። ሴቶቹ በጉባኤያቸው ዘንድ በላቲን «ሚኒስትራይ» ማለትም አገልጋዮች ተብለው ይጠሩ ነበር። ደብዳቤውን የጻፈው ጠላት ስለሆነ ለማሳመር አልጻፈውም የሚለው የምላሹ መደምደሚያ ተገቢ ነው።

ምላሽ 8 ረጅሙ ነው፤ ስለ ቃሉ ትቶ ስለ ሥራው ጻፈ። በሦስተኛው መቶ ዘመን በሶርያ የተጻፈው ዲድስቅልያ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መጽሐፍ ዲያቆናዊት ለምን እንደምታስፈልግ በግልጽ ያስቀምጣል። በዚያ ዘመን ተጠማቂው አብዛኛው ጎልማሳ ነው፤ ልብሱን አውልቆ ወደ ውኃ ይገባል፣ ከዚያ በፊት መላ ሰውነቱ ዘይት ይቀባል። ተጠማቂዋ ሴት ስትሆን ኤጲስ ቆጶሱ ወይም ካህኑ ራሷን ብቻ ይቀባል፤ የቀረውን ሰውነቷን የምትቀባው ዲያቆናዊቷ ናት። ጸሎተ ጥምቀቱን የሚያደርሰው ወንዱ ነው። ከውኃው ስትወጣ የምትቀበላትም፣ በንጽሕና እንዴት እንደምትኖር የምታስተምራትም ዲያቆናዊቷ ናት። ሁለተኛው ሥራ የቤት ለቤት ነው፤ ባለቤቱ አሕዛብ በሆነ ቤት ያለች ክርስቲያን ሴት ስትታመም ወንድ ዲያቆን ቢገባ ሐሜት ስለሚነሣ ዲያቆናዊቷ ትላካለች፣ ታስታምማለች፣ ከሕመሟ ያገገመችውን ታጥባለች። ዲድስቅልያ ዲያቆኑን በክርስቶስ አምሳል፣ ዲያቆናዊቷን በመንፈስ ቅዱስ አምሳል አክብሩ ማለቱንም ጠቅሷል። የሚያስደንቅ ነው፤ ከተከታዮቹ ምላሾች አንዱም አለማንሣቱ ደግሞ የበለጠ ያስደንቃል።

ምላሽ 9 ታዲያ የት ጠፋች ብሎ ጠየቀና ራሱ መለሰ። ጥምቀቱ ወደ ሕፃናት ሲዞር ሥራው ከእጇ ወጣ። በእኛ ሥርዓት ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ትጠመቃለች፤ ሠላሳ ስድስቱን የሰውነት ክፍል ቅብዐ ሜሮን የሚቀባው ካህኑ ነው፤ ሕፃን ላይ የሚያሳፍር ነገር የለም። ከዲያቆናዊቷ ድርሻ የተረፈው፣ ልጅቱን ከካህኑ እጅ የምትቀበለው የክርስትና እናት ናት። ለወንድ የክርስትና አባት፣ ለሴት የክርስትና እናት የሚባለው ደንብም ከዚያው ከመተፋፈር ጋር የተያያዘ ነው ይላል። ይህች የመጨረሻዋ ግምት ናት፤ ግምትነቷን ግን አልሸሸገም።

ምላሽ 10 ዛሬ ትልቅ ሴት ስትጠመቅስ አለ። ምላሽ 11 እንዲህ ዘረዘረው፦ አስቀድማ ትማራለች፤ የክርስትና እናቷ አብራት ትቆማለች፤ ሰውነቷን የሚሸፍን ነጭ ልብስ ትለብሳለች። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ልብሱ ላይ ነው። ስስ ነጭ ጨርቅ ሲረጥብ ስለሚያሳይ ወፈር ያለ አቡጀዲ ወይም ድርብ ነጠላ ይሻላል፤ ስትወጣ የምትለብሰው ሌላ ደረቅ ልብስ በእናቲቱ እጅ ተዘጋጅቶ መቆየት አለበት።

እዚህ ላይ ነፋሱ ተለወጠ። ምላሽ 12 ይህ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ሴትን ቤተ መቅደስ ለማስገባት ነው፣ ከማን እንደተላካችሁ እናውቃለን ሲል ወረፋቸው። ማስረጃ የለውም፤ ድምፅ ብቻ ነው። ምላሽ 13 አቦ ረጋ በል ብሎ በድሬዎች አማርኛ ጀመረና ወደ ቁም ነገሩ ገባ። ዲያቆናዊት የሚለው ስም ከውጭ የመጣ አይደለም፤ ፍትሐ ነገሥት ከንፍቀ ዲያቆን (ከረዳት ዲያቆን)፣ ከአናጉንስጢስ (ከመጻሕፍት አንባቢ)፣ ከመዘምራንና ከዐጻዌ ኆኅት (ከበር ጠባቂ) ጋር ይዘረዝራታል። ቤተ መቅደስ ግን አያስገባትም። በ325 እ.ኤ.አ. የተደረገው የኒቅያ ጉባኤ 19ኛ ቀኖና መናፍቅ ተብሎ ከተወገዘው ከጳውሎስ ሳምሳጢ ወገን ስለተመለሱ ዲያቆናውያት ሲናገር አንብሮተ እድ (የሹመት እጅ መጫን) ስላልተቀበሉ ከምእመናን ይቈጠሩ ይላል። በአራተኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የተጠናቀረው የሐዋርያት ትእዛዛትም ዲያቆናዊት አትባርክም፣ የቄስንም የዲያቆንንም ሥራ አትሠራም፣ በር ትጠብቃለች፣ ሴቶች ሲጠመቁ ካህናቱን ታግዛለች ብሎ ወስኗል። ስለዚህ ተቈጪው የፈራው ነገር፣ ስሙን ይዘው በቆዩት መጻሕፍት ውስጥ ራሱ ተከልክሏል። መልስ ማለት ይህ ነው።

ምላሽ 14 የኒቅያው ቀኖና የሚናገረው ስለ አንድ የተለየ ወገን ነው፤ የኬልቄዶን ጉባኤ 15ኛ ቀኖና ደግሞ ከ40 ዓመት በታች ያለች ሴት ዲያቆናዊት ሆና እንዳትሾም ይላል፤ ዕድሜ ተወሰነ ማለት ሹመቱ ነበረ ማለት ነው አለ። ለታሪክ ጥሩ ክርክር ነው። ምላሽ 15 ግን አልማረውም፦ እኛ የምንቀበለው ኒቅያን፣ የ381 ቁስጥንጥንያንና የ431 ኤፌሶንን ነው፤ የ451ዱ ኬልቄዶን ለእኛ ቀኖና አይሆንም፣ ኦርቶዶክስን በኬልቄዶን ለመርታት መሞከር ከንቱ ድካም ነው። ሁለቱ ሳይገናኙ ነው የተከራከሩት፤ አንዱ ምን ነበረ ይላል፣ ሌላው ማንን ያስገድዳል ይላል።

ምላሽ 16 ነገሩን አባባሰው። እናት ቤተ ክርስቲያናችን እስክንድርያ በ2017 እ.ኤ.አ. በኮንጎ ዲያቆናውያት ሾማለች ብሎ በድል አድራጊነት ጻፈ። ምላሽ 17 ባንድ አንቀጽ አወረደው። በ2017 በካታንጋ ያንን ያደረጉት ፓትርያርክ ቴዎድሮስ 2ኛ የግሪኩ የእስክንድርያ መንበር አባት ናቸው፤ ያ መንበር የኬልቄዶንን ጉባኤ የሚቀበል ነው። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ለብዙ ዘመናት ጳጳስ ስታስመጣበት የኖረችው የግብጽ ኮፕት መንበር ሌላ ነው። የስም መመሳሰሉን ሳያጣሩ ዜና ማራባት በዚህ መድረክ ስንተኛ ጊዜ ነው ብሎም አከለበት። ሰውየው ግን ፍትሐዊ ነው፤ ኮፕቶቹም በአቡነ ሺኖዳ 3ኛ ዘመን ዲያቆናውያትን መልሰው እንዳቋቋሙ፣ ሥራቸውም ማስተማር፣ ሕሙማንን መጠየቅና ችግረኛን መርዳት እንጂ በመሠዊያ ዙሪያ እንዳልሆነ ራሱ ነገረን። ተቃዋሚውን የሚረዳ ነገር ሳይደብቅ የጻፈ እሱ ብቻ ነው።

የመድረኩ አስተናጋጅ በምላሽ 18 ገብቶ ሁለት የስድብ ምላሾችን ማጥፋቱን ገለጸና ባነሩ እየጠበቀ ነው አለ።

ምላሽ 19 ወደ ባነሩ ሁለተኛ ስም ሄደ። ካቶሊኳ «ሲ/ር» ተብላለች፤ በእኛ አገር ደግሞ ሲ/ር ነርስ ናት። ምላሽ 20 የመደባለቁን ሥር ከአውሮፓ ጀመረ። ነርስነት ከገዳማውያት ሥራ ነው የወጣው፤ በፕሮቴስታንቱም በኩል ቴዎዶር ፍሊድነር በ1836 እ.ኤ.አ. በጀርመን ካይዘርስቬርት የዲያቆናውያት ቤት ከፍቶ ሕሙማን ማስታመም አስተማረ፤ ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1851 የሠለጠነችው እዚያ ነው። ዲያቆናውያቱ «እኅት» እየተባሉ ይጠሩ ነበር፤ መጠሪያው ከነቆባቸው ወደ ሆስፒታል አለፈ። ወደ እኛ ሲመጣ ቆቡ ቀረና መጠሪያው ብቻ ደረሰ። ምላሽ 21 ሐረር ላይ ነገሩ ይብሳል አለ፤ ከተማዋ የካቶሊክ ሐዋርያዊ ቪካሪያት የተሰየመባት ናት፣ ፍራንሲስካውያት ደናግል ሲያስተምሩባትም ሲያክሙባትም ኖረዋል። መነኩሲትም ነርስም የሆነች ሲስተር ስላለች «ሲ/ር» ብቻ ማንነቷን አይለይም። መፍትሔው ከስሟ በታች በትንሽ ፊደል የማኅበሯን ስም ማስገባት ነው፤ ነርስ ከሆነች ደግሞ የጤና ተቋሟን። ዲያቆናዊት ብሎ ማረሙ ግን ፍጹም ስሕተት ነው፤ ሲስተሯ መሐላ የገባች ገዳማዊት እንጂ ሹመት የተቀበለች አይደለችም። ሴቶች ዲያቆናት ይሁኑ አይሁኑ የሚለውን እንዲያጠና ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በ2016 አንድ፣ በ2020 ሌላ ኮሚሽን አቋቁመው እንደነበርም አስታወሰ።

ምላሽ 22 እና 23 ከርእሱ ወጥተው ስለ ፊደል ተጨቃጨቁ። ጠቃሚው ይኸው ነው፦ ደንበኛው በድሮው ፓወር ግዕዝ በተባለው የአማርኛ መጻፊያ የጻፈው ፋይል፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደል ትርምስ ይሆናል፤ ስለዚህ ከመላኩ በፊት ጽሑፉን በኮረል ወደ ከርቭ (ፎንት ወደማይፈልግ ቅርጽ) መቀየር ወይም በፒዲኤፍ መላክ ነው። «ዲ/ን» መስመር መጨረሻ ላይ ሲወድቅ ማዕረጉ ከላይ ቀርቶ ስሙ ብቻውን ከታች እንዳይገኝ ደግሞ ማዕረጉንና ስሙን በማይሰበር ክፍተት ማያያዝ ያስፈልጋል።

ምላሽ 24 የክሩን አቅጣጫ ቀየረ፤ እኔ ብሆን በመጀመሪያ ላይ አስቀምጠው ነበር። እስካሁን ሁሉም የተከራከረው በኦርቶዶክስ ሚዛን ነው፣ ሴትዮዋ ግን የወንጌላውያን አጥቢያ አገልጋይ ናት አለ። በብዙ የወንጌላውያን አጥቢያ ዲያቆንነት ወደ ቅስና መሸጋገሪያ ደረጃ አይደለም፤ ሽማግሌዎች ጉባኤውን ይመራሉ፣ ዲያቆናት ንብረቱንና አቅርቦቱን ይይዛሉ። ለጌታ እራት ኅብስቱንና ጽዋውን ያሰናዳሉ፤ መባና አሥራቱን ከሁለት ያላነሱ ሆነው ይቈጥራሉ፣ በቅጹ ላይ ሁሉም ይፈርማሉ፤ ችግረኞችን ይመዘግባሉ፣ የታመመ ይጠይቃሉ። ብዙ ጊዜ ጭቅጭቅ የሚነሣው አንድ ሰው ብቻውን ቈጥሮ ሲያስረክብ፣ ወይም ቅጹ ገንዘቡ ባንክ ከገባ በኋላ ሲሞላ ነው። ሴቶችን ለዚህ ሥራ የሚመርጡ አጥቢያዎች አሉ፤ ከእነርሱም «ዲያቆን» የሚለውን ለወንድም ለሴትም እኩል የሚጽፉ አሉ። እንግዲህ «ዲ/ን» የእጅ ስሕተት ላይሆን ይችላል፤ አጥቢያዋ የምትጠራት እንደዚያ ሊሆን ይችላል። ሃያ ሦስት ሰው ያላሰበውን ነው ያሰበው።

ምላሽ 25 በዚያው መንገድ ስለ መካነ ኢየሱስ ጻፈ፦ ቤተ ክርስቲያኒቱ የሴቶችን ቅስና በ1997 እ.ኤ.አ. ፈቅዳ የመጀመሪያዋን በ2000 ሾማለች፤ የሚጻፈውም «ቄስ» ተብሎ ነው፣ «ቄሲት» የሚል የለም። ምላሽ 26 አማርኛ ተበላሸ ብሎ አዘነ፤ ዘማሪ ዘማሪት፣ ወንጌላዊ ወንጌላዊት እያልን ዲያቆን ላይ ስንደርስ ምን አፋችንን ያዘው ይላል። ሐዘኑ ይገባኛል። ግን የሰውን ማዕረግ የሚሰጠው ሰዋስው አይደለም።

ምላሽ 27 ሦስተኛዋን ስም፣ እማሆይዋን አነሣች፤ ጸሐፊዋ ሴት መሆኗን የምናውቀው እኅቶቼ ብላ ስለጀመረች ነው። ነጠላ ያጣፋችና ጠና ያለች ሴት ሁሉ እማሆይ አይደለችም፤ ቆብ የደፋች መነኩሲት ናት። እማሆይ የአክብሮት መጠሪያ ነው፤ ሹመት የሆነው እመ ምኔት ነው፣ የሴቶች ገዳም አስተዳዳሪ። እማሆይ የሚል ቀርቶ ወ/ሮ ተብሎ ቢታተም መነኩሲቷን ወደ ዓለም መመለስ ነውና ትልቅ ነውር ነው፤ «ወ/ሮ እማሆይ» ብሎ ሁለቱን መደረብም ያው ነው። ከእማሆይ ቀጥሎ የሚገባው በምንኩስና የምትጠራበት ስም ነው፤ በመታወቂያዋ ላይ ያለው ሌላ ከሆነ የትኛው ይታተም እንደሆነ እርሷኑ መጠየቅ። ማሳጠሪያ የለውም፣ እንዳትፈጥሩለት ብላ አስጠነቀቀች።

በምላሽ 28 ከፋቹ ተመልሶ ስልክ ደውዬ አጣራሁ አለ። የአጥቢያው ጸሐፊ «ዲ/ን» ብለው የጻፉት አውቀው ነው፤ የምርጫ ደብዳቤዋም «ዲያቆን» ነው የሚለው። ሙሉውን «ዲያቆን» ብሎ ከሥሩ አጥቢያዋን አስገብቷል፤ ሲስተሯን ከነማኅበሯ፣ እማሆይን በምንኩስና ስማቸው አትሟል። ለወደፊቱም በትእዛዝ መቀበያ ቅጹ ላይ ሁለት መስመር ጨምሯል፦ ማዕረጉን የሰጠው ማን ነው፣ ሰጪውስ በደብዳቤ ሲጽፈው እንዴት ይጽፈዋል።

ምላሽ 29 ያ ምላሽ 12 ላይ የተቈጣው ሰው ነው። ስለ ቤተ መቅደሱ ቃል አልተነፈሰም፤ ለሐምሌ ገብርኤል ወደ ቁልቢ የሚሄድ የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ባነር አራት ሜትር በስንት ታትሙልኛላችሁ ብሎ ዋጋ ጠየቀ።